ቡና ለምትወድ ጓደኛ ምን ይዞ ይኬዳል?

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ይሆናል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ቡና የሚወድ ሰው ሲኒውን በሁለት እጁ አቅፎ ነው የሚወደው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ስጦታ መግዛት ቀላል ይመስላል። «ቡና አይደል የምትወደው? አንድ ኪሎ ገዝቼ ልሂድ» እንላለን።

ግን ቡናና ስኳር ሁሉም ሰው ይዞት የሚመጣ ነገር ነው። አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ቡናና ስኳር። ለቅሶ ስንደርስም ቡናና ስኳር። ጓዳ ከገባ በኋላ የእናንተ የትኛው እንደነበር ጓደኛችሁ አታውቀውም። ቡናውን የእሷ የሚያደርግ ነገር ያስፈልጋል። ያንን የምታገኙት ደግሞ ቡና ስታፈላ በደንብ ስታዩዋት ነው።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ስትመረቅ ትልቅ ረከቦት ገዛሁላት። መሳቢያ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን። የምትኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። አልጋና ጠረጴዛ ከገባ በኋላ ረከቦቱ በሩን ዘጋው። ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጨርቅ አለበሰችው። ቡናውን እንደ ድሮዋ በትንሿ ትሪ ማቅረቧን ቀጠለች። በሄድኩ ቁጥር ያ ጨርቅ ይታየኛል፤ አሁንም ያሳዝነኛል። ስንት ጊዜ ቡናዋን ጠጥቼ ክፍሏን አላየሁም ነበር።

እሷን እያሰብኩ ስለምጽፍ «እሷ» እላለሁ። ቡና ለሚወድ ወንድ ጓደኛም ያው ነው።

1. መጀመሪያ ቡናዋን ጠጡላት

ስጦታ ከማሰባችሁ በፊት አንድ ቀን «ቡና ልጠጣ መጣሁ» ብላችሁ ሂዱ። ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅም አይገርምም። ስትቀመጡ ዓይናችሁ እጇ ላይ ይሁን።

ራሷ ትቆላለች ወይስ የተፈጨ ትገዛለች? የምታፈላው በከሰል ነው በኤሌክትሪክ? ስንት ሲኒ አላት? ስንቱ ተሸርፏል? ጀበናው ማቶት አለው ወይስ የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ነው የሚቀመጠው? ውታፉስ ምንድን ነው? ብዙ ቤት የጀበና ውታፍ የፌስታል ቁራጭ ሆኖ አይቻለሁ። ትኩስ ጀበና አፍ ላይ ፌስታል ደግ ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ይቅርታ የምትጠይቅበትን ነገር ስሙ። ቡና የምታፈላ ሰው የጎደላትን ሳታስበው ትናገራለች። «ሲኒው አይበቃም፤ ተራ ትጠብቃላችሁ።» «ይሄ ከሰል ዛሬ አልያዝ አለኝ።» «የዘንድሮ ቡና እንደ ድሮው አይሸትም።» እዚያው ምንም አትበሉ። ቤት ስትገቡ ግን ጻፉት። ከዚህ የተሻለ የስጦታ ዝርዝር ማንም አይሰጣችሁም።

ሌላም የምትለዩት ነገር አለ። አንዳንዷ ፍሬውን ነው የምትወደው። ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ ታሸታለች፣ ከየት እንደመጣ ትጠይቃለች፣ የሰው ቤት ቡና ቀምሳ «ትንሽ አረረ» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ የምትወደው ሰው መሰብሰቡን ነው። ቡናው ከጅማም ይምጣ ከወለጋ ግድ የላትም፤ ጎረቤት ካልተጠራ ግን አይጥማትም። ለመጀመሪያዋ ቡና ስጧት። ለሁለተኛዋ ሲኒና የቡና ቁርስ።

2. ቡና ከሆነ ጥሬውን ግዙ

ራሷ ለምትቆላ ሰው የተቆላ ወይም የተፈጨ ቡና አትግዙ። ከመቁላቱ ነው ግማሹ ደስታ። ሁለተኛ ምክንያትም አለ። በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና በደረቅ ቦታ ብዙ ወር ይቆያል። የተቆላ ቡና ሽታው በሁለት ሦስት ሳምንት ይደክማል። የተፈጨው ደግሞ በቀናት ውስጥ። የታሸገ ዱቄት ስትሰጡ እየሞተ ያለ ሽታ ነው የምትሰጡት።

የት አገር ቡና? የእኛ ሰሜን ሸዋ በቡና አብቃይነት አይታወቅም። ከአንኮበር ወደ ቆላው ስትወርዱ ጓሯቸው ቡና ያላቸው ገበሬዎች አሉ። እዚያ ዘመድ ካላችሁ አንድ ሁለት ኪሎ የጓሮ ቡና አስልኩ። ሱቅ የማይገኝ ስጦታ ነው። ነገሩ ታሪክም አለው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ የሸዋ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር። አንኮበር አጠገብ ባለው የአልዩ አምባ ገበያ የሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ ግን ቡናን ያውቀዋል። ክርስቲያኑ ቡናን እየለመደው የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ግን ያለ ቡና የሚውል ቤት ፈልጉ ብትሉኝ ያስቸግረኛል።

ሱቅ የምታገኙት በአብዛኛው የጅማ፣ የወለጋ፣ የሲዳማ፣ የይርጋጨፌና የሐረር የሚባለውን ነው። የሐረሩ ፍሬው ረዘም ይላል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያደላል። ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀ ስለሆነ ሽታው ወደ ፍራፍሬ ይሄዳል። የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና አነስ ያለ፣ አረንጓዴ ወደ ግራጫ የሚመታ ነው። ጣዕሙ ቀለል ብሎ አበባ አበባ ይላል። የወለጋው ፍሬ ትልልቅ ነው። ወፍራም ቡና የለመደች ሰው የይርጋጨፌውን «ቀጠነብኝ» ልትል ትችላለች። የምትጠጣውን ካላወቃችሁ ከሁለት ቦታ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ግዙ። ለየብቻ አድርጉት፤ አትደባልቁት። እያወዳደረች መጠጣቱ ራሱ አንድ ወር ያጫውታታል።

ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ጭብጥ አድርጋችሁ አሽትቱት። ሻጋታ፣ ላምባ ወይም በርበሬ ከሸተተ ተዉት። ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይስባል። ከበርበሬ ጆንያ አጠገብ የከረመ ቡና እስከ መጨረሻው በርበሬ በርበሬ ይላል። አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ንከሱ። የደረቀ ቡና ጠጣር ነው፤ ጥርስ ከገባበት እርጥብ ነው፣ ይሻግታል። ከዚያ መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበሳው፣ ስብርባሪ ከበዛ ዋጋው ቢረክስም አይጠቅማችሁም። ግማሹ በለቀማ ይወጣል።

ወቅቱንም አትርሱ። በአብዛኛው የቡና አገር ለቀማው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ስለዚህ አዲስ ቡና ገበያ ላይ የሚበረክተው ከጥር በኋላ ነው። ለፋሲካ የምትሰጡ ከሆነ «የዘንድሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስንት ኪሎ? አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ800 እስከ 850 ግራም ይሆናል። በቀን አንድ ጊዜ የሚፈላበት ቤት፣ እንደ እኔ ቤት ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ሁለት ሳምንት ያህል ይሄዳል። ሁለት ኪሎ ጥሩ ስጦታ ነው። አምስት ኪሎ በአንድ ጊዜ ከመስጠት፣ በየሁለት ወሩ ሁለት ሁለት ኪሎ መስጠት ይሻላል።

አሁን የምነግራችሁን ግን አትዝለሉት። ከመስጠታችሁ በፊት ቡናውን ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ራሳችሁ ልቀሙት። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን አውጡ። አትጠቡት፤ ከረጠበ ይሻግታል። ማጠቡን ከመቁላቷ በፊት እሷ ታደርገዋለች። የተለቀመ ቡና ስትቀበል ወዲያው ይገባታል። ዘርግታ ስታየው አንድ ጠጠር የለም። ማታ ማታ ቁጭ ብላችሁ የለቀማችሁላትን ሰዓት ታየዋለች። ሱቅ ያንን አይሸጥም።

ማስቀመጫውም የስጦታው ክፍል ነው። አዲስ የአቡጀዲ ከረጢት ሰፍታችሁ ክተቱት፣ ወይም ክዳን ያለው ሙዳይ ግዙ። ቡናው ሲያልቅ ሙዳዩ ይቀራል። ከላይ በትንሽ ወረቀት የየት አገር እንደሆነና መቼ እንደገዛችሁት ጻፉ።

3. ጀበና ስትገዙ ቸኩላችሁ አትግዙ

ጀበና ለመስጠት ደፋር መሆን ያስፈልጋል። የቡና ወዳጅ ጀበናዋን ታውቀዋለች፤ ለዓመታት ያሟሸችው ነው። አሮጌው ሳይሰበር አዲስ መስጠት ትርፍ ዕቃ መጨመር ነው። ግን አፉ ከተሸረፈ፣ ጆሮው በሽቦ ከታሰረ፣ ወይም የምታፈላው ለሦስት ሰው በሚሆን ጀበና እየሆነ ሰባት ሰው የሚመጣባት ከሆነ ጊዜው ደርሷል።

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። የእኛ ጀበና መቅጃ አለው። የትግራይና የኤርትራ ጀበና መቅጃ የለውም፤ በአንገቱ ነው የሚቀዳው፣ አፉ ላይም መጥለያ ይደረግበታል። የለመደችውን ግዙ። የሌላው እጅ አይገባላትም።

ገበያ ላይ ጀበናውን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። ወደ ፀሐይ አዙራችሁ በአፉ ወደ ውስጥ እዩ። ከዚያ ውሃ ሙሉበትና ደረቅ መሬት ላይ አቁሙት። ሸክላ ሠሪዋ አትቀየማችሁም፤ በሥራዋ የምትተማመን ሴት ራሷ ውሃ ታመጣላችኋለች። አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ገዛሁ። ጓደኛዬ ቤት የመጀመሪያው ቀን ከሥሩ እያንጠባጠበ ከሰሉን አጠፋው። እሷ ሳቀች፤ እኔ አፈርኩ።

በመጨረሻ እየቀዳችሁ ሞክሩት። መቅጃው ውሃውን ቀጥ አድርጎ ነው የሚያወርደው ወይስ ወደ ሆዱ ይመለሳል? ጆሮው ሦስት ጣት ያስገባል? ጀበናው ሲሞላ በአንድ እጅ ይነሳል?

ለደጋ ሰው ወፈር ያለ ጀበና ምረጡ። ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት፣ ቆላው ላይ፣ በ96 ገደማ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ ሳይግል ይፈላል። ለዚህ ነው ከቆላ የመጣ ሰው እኛ ጋ ቡና ሲያፈላ «ቀጠነ» የሚለው። ትንሽ ደቀቅ አድርጎ መውቀጥና እሳት ላይ ማቆየት ያስፈልጋል። ወፍራም ጀበና ሙቀቱን ይይዝላታል፤ ቡናው እስኪሰክን ድረስም አይቀዘቅዝባትም።

ከመስጠታችሁ በፊት አሟሹት። በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ሳሙና አይንካው። የቡና አተላ በውሃ አድርጋችሁ በቀስታ እሳት ቀቅሉበትና አፍስሱት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። የጭቃ ሽታው ሲጠፋ ደርሷል። ያልተሟሸ ጀበና ከሰጣችሁ የመጀመሪያው ሳምንት ቡናዋ አፈር አፈር ይላል።

4. ትንንሾቹ ዕቃዎች

እኔን ቢጠይቁኝ ብዙ ጊዜ የሚያስደስተው እዚህ ጋ ያለው ነው። በስፌት የተሠራ ማቶት። ንጹሕ ውታፍ። ጥሩ ማራገቢያ። ማንም ለራሱ አይገዛቸውም፤ በየቀኑ ግን እጅ ይነካቸዋል።

ሲኒ ከሆነ ከነባሮቹ ጋር የሚስማማ ፈልጉ። ስድስት ካላት ስድስት ጨምራችሁ አሥራ ሁለት አድርጉላት። አፉን በጣታችሁ ዙሩት፤ ሻካራ ከሆነ ከንፈር ይጎዳል። ሲኒው ጠረጴዛ ላይ ሳይወላገድ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ሙቀጫ የምትወቅጥበት ካላት አትንኩባት። ከሌላት የወይራ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይፈረፈርም። ረከቦት ደግሞ ክፍሏን ሳትለኩ አትግዙ። በሜትር ለኩ እያልኩ ነው። ትንሽ የዋንዛ ረከቦት ከትልቅ የሚያብረቀርቅ ይበልጣል።

5. እሳቱና እጣኑ

ከሰሉ ለሚያስቸግራት ሰው አንድ ማዳበሪያ የግራር ከሰል ስጦታ ይሆናል? ይሆናል። የግራር ከሰል ከባሕር ዛፍ ከሰል ረጅም ይቆያል። ያበረከተላችሁን ሰው በብርድ ቀን ታስታውሱታላችሁ።

ግን አንድ ነገር ከልቤ ልበላችሁ። እኛ አገር ብርዱ በርና መስኮት ያዘጋል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ሰው ራሱን አሞት ሳይነቃ ይሞታል። ማንደጃ ወይም ከሰል ስትሰጡ ይህን በቃል ንገሯት። ከሰሉ ውጭ ተያይዞ ይቅላ፤ ሲፈላ በሩ ገርበብ ይበል፤ እንቅልፍ ሲመጣ ማንደጃው ከቤት ይውጣ። አንዲት ክፍል ለምትኖር ጓደኛ ከከሰል ይልቅ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል፤ ሥርዓቱ ጎደለ የሚል ሰው ቢኖርም።

እጣን ከሆነ ትልልቁን፣ ነጣ ያለውን ፍሬ ምረጡ። ወገርት ወይም ከርቤ ጣል ቢደረግበት ደስ ይላል። ቤቷ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ይቅር።

6. የቡና ቁርስ

ሰው መጥራት ለምትወደው ጓደኛ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በደሴ መንገድ የምትመጡ ከሆነ ደብረ ሲና ላይ ውረዱ። ቆሎ ሻጮቹ መኪናውን ይከብባሉ። ቀምሳችሁ ግዙ። ገብሱ ሲነከስ ፍርክስ ይበል፤ ጥርስ የሚሰብር ከሆነ በደንብ አልተቆላም። ሽምብራና ሱፍ የገባበት ለቡና ይመቻል።

ቀኑን አስቡ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ቅቤ የነካው ዳቦ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እሷ አትበላውም፣ እንግዶቿም አይበሉትም። ቆሎ ግን የጾም ቀን የለውም፤ ሁልጊዜ ይበላል።

7. ብርዱን የሚያስታውስ

ሰው የማያስበው ስጦታ አለ። ቡና የምታፈላ ሴት በርጩማ ላይ፣ ወደ በሩ ጠጋ ብላ ነው የምትቀመጠው። ጀርባዋ ይበርደዋል። መንዝ የበግ ፀጉር አገር ነው፤ ባናው የታወቀ ነው። ከዚያ ፀጉር ትከሻዋ ላይ ጣል የምታደርገው ወይም በርጩማው ላይ የምታነጥፈው ትንሽ ነገር ብታሠሩላት ቡና ባፈላች ቁጥር ታስታውሳችኋለች። በእጅ የተሠራውን ፀጉር አሽትቱት፤ በደንብ ካልታጠበ በግ በግ ይላል፣ ያ ሽታ ደግሞ ከቡና ጋር አይስማማም።

8. ጀበና የማታፈላ ከሆነች

ሥራ በዝቶባት ጠዋት አንድ ስኒ ብቻ ጠጥታ የምትወጣ ጓደኛም አለች። ለእሷ ሞካ የሚባለው የጣሊያን ማፍያ ይበቃል። 1933 ላይ የተፈጠረ ቀላል ዕቃ ነው፤ ከታች ውሃ፣ መሀል ቡና፣ ከላይ የፈላው ይወጣል። ከሱ ጋር በእጅ የሚዞር መፍጫ ስጧት። በምላጭ ከሚቆራርጠው ይልቅ ጥርስ ያለው መፍጫ እኩል ይፈጫል። ለዚህች ጓደኛ የተቆላ ቡና ይፈቀዳል፤ ግን ሩብ ሩብ ኪሎ፣ በዚያው ሳምንት የተቆላ።

9. አጓጓዙና አሰጣጡ

ጀበናና ሲኒ በመኪና ስትወስዱ ጣራ ላይ አትጫኑ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ይጠመዘዛል። የጀበናውን ሆድ በነጠላ ጠቅልሉ። አንገቱ ዙሪያ ጨርቅ ጨምሩ፤ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ ጭናችሁ ላይ ያዙት። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ሳታስገቡ ደርድሯቸው።

ስትሰጡ እፊታችሁ ክፈቺው አትበሏት። እኛ ጋ እንግዳ ሳይሄድ ስጦታ መክፈት ያሳፍራታል። ጥሬ ቡና ከሆነ ግን በሩ ላይ «ዛሬ ይሄን እንሞክረው» በሏት። ያኔ ራሷ ትከፍተዋለች።

ከዚያ ቁጭ በሉ። ስትቆላ አትርዷት፤ የእሷ ቦታ ነው። ምጣዱን ይዛ ስትዞር ጢሱን በእጃችሁ ወደ ፊታችሁ ሳቡት። ቡናው ከጣማት በረካው ላይ «ከየት ነው የገዛሽው?» ማለቷ አይቀርም። የሱቁን ቦታ አስቀድማችሁ ያዙላት።